«ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ይዤ ወደ ጅማ

ማክሰኞ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት። አውቶቡሱ ሳይሞላ ቀድሜ መስኮት ዳር ያዝኩ። ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ብርዱ ግን ከወዲሁ የኅዳር ብርድ ነው። ጋቢ ተከናንቤያለሁ፣ ከጋቢው ሥር ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቻለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሥራ ስሄድም፣ ወጥ ስሠራም፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝም ስሰማቸው የከረምኩትን ዘፈኖች ለዚህ መንገድ ብዬ ስልኬ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ።

የምሄደው ጅማ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። ልጇ ፍላሽ የሚቀበል ስፒከር ልኮላት «ባዶውን ተቀምጧል፤ ዘፈን ይዘሽልኝ ነይ፤ ጥላሁን እንዳይቀር!» ብላኝ ነበር በስልክ። ልንሰነባበት ስንል ደግሞ፣ «አንድ ካሴትም አለ፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ» አለች። የምን ካሴት ብላት አልነገረችኝም።

መንገዱን በእጅጋየሁ ሽባባው «መንገደኛ» ጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው፣ «ጂጂ» በተባለው አልበሟ ውስጥ ያለ ነው። ከጂጂ የምወደው ድምጿ ወደ ላይ ሲወጣ እንኳ አለመጨነቁን ነው፤ ዳገት ወጥታ ትንፋሽ የማይቆርጣት የገጠር ልጅ ትመስለኛለች። ሰበታን እስክናልፍ ሦስቴ ደጋገምኩት። እዚያው አልበም ላይ «ናፈቀኝ» አለ፤ እሱን ለመልሱ አስቀመጥኩት። ገና እየሄዱ የሚሰማ ዘፈን አይደለም።

ጎህ ሲቀድ ቱሉ ቦሎ፣ ቀጥሎ ወሊሶ። ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር። እዚህ ስደርስ ጥላሁን ገሠሠን እንደምከፍት አስቀድሜ ወስኜ ነበር። ጥላሁን የተወለደው አዲስ አበባ ይሁን እንጂ ያደገው ወሊሶ አያቱ ዘንድ ነው፤ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት የተማረውም እዚሁ ነው። በ2001 ዓ.ም በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ወሬው እኛ ቤት የደረሰው በማግስቱ ጠዋት ነበር። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ ረከቦቱን በእጇ ገፋ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። ያንን ቡና ማን እንደጠጣው አላስታውስም።

የከፈትኩት «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ነው። ይህ የሠርግ ዘፈን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ሙሽራ ባለበት ቤት ሁሉ አለ። ጥላሁን ሲዘፍነው ሙሽራዋን ራሷን እያየ የሚጠይቅ ይመስላል። ሰሞኑን ልቤን የያዘው ግን ሌላው ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙ ላይ ያለ ቃል ያስቀመጠው። ዜማው ያው የምናውቀው ነው፣ ግጥም ግን የለውም። መጀመሪያ ስሰማው ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። ከልጅነቴ ጀምሮ በጭብጨባና በእልልታ መሀል የማውቀው ዜማ ብቻውን፣ ሰው በሌለበት ሲሄድ ይሰማል። ደስታው እንዳለ ሆኖ ከሥሩ ኀዘን እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ለካ ሙሽራ እኮ ከቤቷ እየወጣች ነው።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ይወርዳል። ጋቢው ወለቀ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ሙቀቱ ገባ። ለቁልቁለቱ የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ነበር ያዘጋጀሁት፤ አኮርዲዮኑ እንደ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ለብቻው ቀዳው። ከዚያ ለዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር ይባላል። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ከካሴት መሸጫ ይህንን ካሴት አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። አንድ ካሴት ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ዓመታት ሲጠብቅ ይታየኛል። ወዲያው የአክስቴ ካሴት ትዝ አለኝ።

የጊቤን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ሾፌሩ የዓሊ ቢራን ዘፈን ከፍ አድርጎ ከፈተ፤ እኔም ማዳመጫዬን አወጣሁ። አውቶቡሱ በሙሉ ያንጎራጉር ጀመር፤ ከኋላዬ ያሉት አባት በከዘራቸው ወለሉን ቀስ እያደረጉ ይመታሉ። ዓሊ መሐመድ ሙሳ ድሬዳዋ ተወልዶ «ቢራ» የሚለውን ስም ያገኘው ክረምቱ አልፎ ብራ መሆኑን ከሚያወሳው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ያረፈውም ልክ በዚህ ወቅት፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም ነው። በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማልኛም፣ በዓረብኛም ዘፍኗል። እኔ ኦሮምኛዬ ሰላምታ ላይ ያልቃል፤ ያም ሆኖ ከሰኮሩ እስከ አሰንዳቦ፣ የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በስተጎን እስኪታየን ድረስ፣ ሌላ ዘፈን አላማረኝም።

ጅማ የደረስነው ከምሳ በኋላ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። አክስቴን እታለም ነው የምላት፤ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። በወጣትነቷ አስተማሪ ሆና ተመድባ መጥታ በዚያው ቀረች። ከጎረቤቶቿ ጋር የምታወራው በኦሮምኛ ነው፤ ሲከፋት ግን በአማርኛ ነው የምትናገረው።

ማታ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ቆርቆሮዋን አወጣች፤ ድሮ ብስኩት የነበረበት ነው። ውስጡ ፎቶ፣ የወተት ጥርስ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ከሥር ደግሞ ካሴቱ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሠርግ፣ ጥር 1972» ተብሎ ተጽፏል። ክሩ ከውስጡ ወጥቶ ተጨማዷል።

«ቴፑ በላብኝ» አለች። «አሥር ዓመት ይሆነዋል። ለማንም አልሰጠሁትም። ይጥሉብኛል ብዬ።»

ረቡዕ

ወደ ጅሬን ወጣሁ። ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ከከተማው መሀል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዳገት ነው። ሁለተኛው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስማቸው ነው፤ ምኒልክን አባ ዳኘው እንደምንለው። ስለ ቤተ መንግሥቱ የጻፉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ልቤ የቀረው እንጨቱ ላይ ነው። በሰገነቱ ዙሪያ ያለው ተጠርቦ የተጌጠ አጥር እጅ ሲያርፍበት ለስላሳ ነው፤ ስንት ትውልድ ተደግፎት ይሆን እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ላይ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች፤ ቆርቆሮ፣ ዛፍ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደገና ዛፍ።

ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚህ ጅማ ነው፤ በ1936 ዓ.ም። በወጣትነቱ ምህንድስና ሊማር ዌልስ ተላከ፤ እዚያ ሙዚቃ ወሰደውና ለንደን ተማረ፤ ከዚያም ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ ሄደ፤ በዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እሱ ነው። ያመጣውን ነገር ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ብቻ የሚሄዱ ናቸው። ጃዝ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይፈልጋል። አሥራ ሁለቱ አምስቱን ሳይውጧቸው አንድ ቤት አኖራቸው። «የከርሞ ሰው»ን ስትሰሙ የሚመጣው ስሜት ይህ ይመስለኛል፤ እንግዳ ነው፣ ግን የእናንተው ነው።

ስንወርድ ባጃጁን ለሚነዳው ልጅ አንደኛውን ማዳመጫ ሰጠሁት። መንገዱ ጠባብ ነውና መጀመሪያ ዳር ያዘ። የሙላቱን «ኩሉን ማን ኳለሽ» ከፈትኩለት። ጥቂት ሰምቶ ቅንድቡ ተነሣ፤ «እህቴ፣ ይሄ የሠርጉ አይደል እንዴ?» አለኝ። ነው አልኩት፤ የተጫወተውም ያገርህ ልጅ ነው፣ እዚህ ጅማ የተወለደ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ሞተሩን አላስነሣም። «ቃሉ የት ሄደ?» አለ ሲጨርስ። እኔም ሦስት ወር የጠየቅሁት ይህንን ነበር።

ማታ ዝናብ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ወሬ አያስወራም። እታለም ስትተኛ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ በጣም ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ። እማሆይ በ2015 ዓ.ም ኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ጣታቸው ዝናቡን አይሻማውም፤ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ይገባሉ፣ ሲበረታ ይተዋሉ። መቼ እንደተኛሁ አላውቅም።

ሐሙስ

ሐሙስ የሒርማታ ገበያ ነው። እታለም ካሴቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በደረቷ ይዛዋለች። ገበያው ውስጥ ማር በገንቦና በጀሪካን ተደርድሯል፤ ኮረሪማ በገመድ ተሰክቶ ተሰቅሏል፤ ቡናው እንደየዓይነቱ ተከምሯል። ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ ለእናቴ ገዛሁ። እታለም ገልብጣ እግሩን በጥፍሯ እያንኳኳች፣ «ዋንዛ ነው፣ ውሰጂው» አለች።

ካሴት ማጫወቻ ያለው ሰው ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ድሮ ካሴት ይሸጡ የነበሩ ሱቆች ዛሬ ስልክ ይጠግናሉ፣ ፍላሽ ላይ ዘፈን ይጭናሉ። አንዱ ልጅ ካሴቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና «እናቴ፣ ዘፈኑን ንገሪኝ፣ ሌላ ልጫንልሽ» አላት። እታለም መልስ ሳትሰጠው ወደ ነጠላዋ መለሰችው። ሦስት ሱቅ ሄድን። አራተኛው ጠባብ ሬዲዮ ጥገና ነው፤ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ጣራ የደረሰ የሬዲዮ ክምር።

«ይሠራ ይሆን፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ተቀመጡ» አሉ።

አምስቱን ትንንሽ ብሎኖች እየፈቱ ጠርሙስ ክዳን ላይ አስቀመጡ። ካሴቱን እንደ መጽሐፍ ገለጡት። ክሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ የተጨማደደውን በትንሿ ጣታቸው ጥፍር እያለሰለሱ፣ በቀስታ፣ አሁንም በቀስታ። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተበጥሷል፤ ጫፎቹም ተበልተዋል። የተበላውን በምላጭ ቆርጠው አወጡት፤ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ጫፍና ጫፉን ገጥመው ከጀርባው በቀጭኑ የተቆረጠ ስኮች ለጠፉበት። «ካሴት በሰከንድ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንድ ሰከንድ የማትሞላ ናት የምትቀርባችሁ።» ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቢክ እስክሪብቶ አውጥተው በካሴቱ ጥርስ ውስጥ አስገቡና አጠነጠኑት። ይህንን ድምፅ ከልጅነቴ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር፤ ጠር፣ ጠር፣ ጠር።

ዴኩን ከአሮጌ ኮምፒዩተር ጋር በሽቦ አገናኙትና ነኩት።

መጀመሪያ ሹሽሽታ። ከዚያ ከሩቅ ውሻ ይጮኻል። ሳህን ይንኳኳል። አንድ ሰው «ያዘው እንዴ? ይቀዳል?» ይላል፤ ሌላው ይስቃል። ከበሮ። እልልታ። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ ወጣ፤ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ብላ አወጣችው። ቀጭን፣ ደፋር ድምፅ፣ ከበሮውን ቀድሞ የሚሮጥ። ሴቶቹ ተቀበሏት።

እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እማዬ ናት» አለች።

አያቴ ያረፈችው እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ ነው። እኔ የማውቃት ሳል የሚያስቸግራት፣ ማለዳ በሹክሹክታ የምትጸልይ፣ ቃል የማታበዛ ሴትዮ ናት። ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። ለልጇ ሠርግ ብላ ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ መምጣቷንም ያወቅሁት ዛሬ ነው። የሰው ሁሉ ድምፅ እየታፈነ የሷ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጇን እያስረከበች ነው፣ ድምፁ ውስጥ ግን እሺ ብላ የሰጠች ሰው አትሰማም። ሙላቱን ስሰማ ከሥር ያለ የመሰለኝ ኀዘን እዚህ ከላይ ነው ያለው፤ በእልልታ መሀል በግልጽ ይዘፈናል። ባጃጁ ላይ ልጁ «ቃሉ የት ሄደ?» ብሎኝ አልነበር? ቃሉ እዚህ ነበር፣ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ።

ሽማግሌው ጠመዝማዣቸውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቆዩ። ዘፈኑ ሲያበቃ፣ «ልድገመው?» አሉ። ድገሙት አለች እታለም።

ማታ ከጎረቤት ሐጂ ግቢ መንዙማ ይሰማ ጀመር። ጅማና ወሎ በመንዙማ የታወቁ ናቸው፤ የወሎውን በአማርኛ ሰምቼው አውቃለሁ፣ በኦሮምኛ እንዲህ በቅርብ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ድቤው ከሥር ይጎትታቸዋል። አንድን መስመር ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት መቁጠር አቃተኝ፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን ይጠልቃል። እታለም ምስር እየለቀመች ከነሱ ጋር ታንጎራጉራለች። እሷ ክርስቲያን ናት። «አርባ ዓመት ሐሙስ ማታ ሰምቼዋለሁ» አለችኝ፣ «ሐሙስ ዝም ካሉ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ስልኬን መስኮቱ ላይ ላስቀምጥና ልቅዳው ብዬ አሰብኩ፤ ሳይጠየቁ ጸሎት መቅዳት መስሎ ስለታየኝ ተውኩት።

ዓርብ

አጋሮና ጮጬ። ቡና ተገኘበት የሚባለው ቦታ ስለሆነ ሳላየው መመለስ አልፈለግሁም። መንገዱ ግራና ቀኝ ጥላ ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ቡናው ቀልቷል፤ ለቀማው ተጀምሯል። አንድ ግቢ ውስጥ ሴቶች አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያገላበጡ አረንጓዴውን ከቀዩ ይለያሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ሳቅ በሳቅ እየሆኑ ይቀበላሉ። ምን እንደምትል ብጠይቅ ባሏን እያማች ነው አሉኝ። ቅኝቱ ወደ ባቲ የሚያደላ መሰለኝ። ሙሉ ቀን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አላደረግሁም።

ስመለስ የእታለም ስፒከር ከበሩ ይሰማል። ጥላሁን ነው። ፍላሹ ላይ 214 ዘፈን ጭኜላታለሁ፤ ማሕሙድም፣ ብዙነሽም፣ አስቴርም አሉ። እሷ ግን ከጥላሁን አትወጣም፤ ሲያልቅ መልሳ ከመጀመሪያው ታስነሣዋለች። የእማዬንስ አልኳት።

«እሱ በየቀኑ አይሰማም» አለች። «ጥር ሲመጣ እሰማዋለሁ።»

ቅዳሜ

ከጅማ ማለዳ ወጣን። በርጩማው እግሬ ሥር ነው፤ አንድ ኪሎ ማር፣ ሁለት ኪሎ ቡና፣ እታለም በግድ የሰጠችኝ ኮረሪማ። አሰንዳቦ ላይ የጂጂን «ናፈቀኝ» ከፈትኩ። ለመልስ ያቆየሁት ደግ አደረግሁ።

ከዚያ ሰልፉን አስተካከልኩ። የሙላቱ «ኩሉን ማን ኳለሽ» መጀመሪያ፣ የጥላሁን ቀጥሎ፣ የአያቴ መጨረሻ። የአያቴን ጊቤ እስክንደርስ አራቴ ሰማሁት። ሽማግሌው የቀጠሉት ቦታ የት እንዳለ አሁን አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። ከበሮው አንዴ ይዘላል፣ አያቴ «ኩሉን ማን ኳ...» ትላለች፣ ወዲያው እልልታው ይገባል።